አፍ ያለው ወይስ አፍ የሌለው?

የኒንቴንዶ ስዊች ጌም የሚመጣባት ካርድ መራራ ናት። ቀልድ አይደለም። ካርዷ ከፖስታ ቴምብር እምብዛም ስለማትበልጥ፣ ሕፃን አግኝቶ እንዳይውጣት ኩባንያው ዴናቶኒየም ቤንዞኤት የሚባል፣ በመራራነቱ ተወዳዳሪ የሌለው ነገር ቀብቷታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊች ገበያ ላይ እንደዋለ (ጌም የኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ ከዚህ በኋላም ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ካርዷን እየላሱና ፊታቸውን እያጨማደዱ ቪዲዮ የለቀቁት ሕፃናት ሳይሆኑ ጢም ያወጡ ጋዜጠኞች ናቸው። ኮሶ እየጠጣች ያደገችው አያቴ ብታያቸው «በሽታቸው ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር።

እኔ ግን ለካርዷ አክብሮት አደረብኝ። የሚመር ነገር ቢያንስ አለ። ከኢንተርኔት የሚወርደውን ጌም እስቲ ማን ልሶት ያውቃል?

ክርክሩ እኛ ቤት የገባው አክስቴ ከሜሪላንድ የደወለች ጊዜ ነው። ለፋሲካ ልትመጣ ነው። ሁለት ሻንጣ አላት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ከዘመድ አዝማድ ትእዛዝ ተርፎ ለኛ የደረሰን ቦታ አንድ ፕሌይስቴሽን 5 ያስገባል።

«ስማኝ ልጄ፣ ያላችሁኝ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው አሉ» አለች። «አንዱ አፍ አለው፣ አንዱ አፍ የለውም። አፍ የሌለው ይረክሳል። የቱን ልያዝላችሁ?»

ስለ ሁለቱ ልዩነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደ አክስቴ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ሶኒ በ2020 ሁለቱን ሲያወጣ አፍ ያለውን 499፣ አፍ የሌለውን 399 ዶላር ብሎ ነበር። በኋላ ቀጠን ያሉት ሲመጡ ልዩነቱ ወደ 50 ዶላር ወረደ። አንዱ ሲዲ ይጎርሳል፤ ሌላው የሚበላው በሙሉ ከኢንተርኔት ነው።

«ቤት ልማከርና ልደውልልሽ» አልኳት።

ባለቤቴ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። አፍ የሌለው ይሁን አለች። ምክንያቷም ጠንካራ ነው፦ ትንሿ ልጃችን የድሮው ፕሌይስቴሽን ሲዲ ማስገቢያ ክፍት ሆኖ አግኝታ፣ ብቻችንን ስንበላ አሳዝኗት መሰለኝ፣ እንጀራ በሽሮ አጉርሳዋለች። ያንን ሽሮ በጥጥና በመርፌ ስትለቅም ያመሸችው ባለቤቴ ናት። «አፍ ያለው ነገር በዚህ ቤት በቃኝ» አለች፤ እኔንም ጨምራ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። «ጋሼ፣ ሲዲ እኮ ሞቷል» አለኝ፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ ሲዲ ሲሞትም ሲነሳም ያየሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለን ሰፈራችን ጆተኒ የነበረበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፕሌይስቴሽን 2 ገባ። ሕጉ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። ሲዲዎቹ በሙሉ ቅጂ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ በማርከር «ዊኒንግ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ኮናሚ የሚለውን ስም ጌሙ በተከፈተ ቁጥር እናየዋለን፤ ገንዘቡ የሚደርሰው መስሎን ነበር። ሲዲው ከመቧጨሩ ብዛት ጨዋታው በ88ኛው ደቂቃ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ ሲዲውን ያወጣና በከናቴራው ይወለውለዋል። እምቢ ካለ ኮልጌት ይቀባዋል። አሁንም እምቢ ካለ ፕሌይስቴሽኑን በጎኑ ያቆመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የፈጣሪ ሥራ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን፣ ሁለት ለባዶ ሲመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፤ ተመሪው ደግሞ፣ ሲመራ የነበረው እሱ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ይል የነበረው፣ «እንደ አዲስ!» ይላል። የተሸነፈ ይከፍላል የሚለው ሕግ፣ የተሸነፈው ሲዲው ሲሆን ማን እንደሚከፍል አይናገርም። ብዙ ጓደኝነት የፈረሰው እዚህ አንቀጽ ላይ ነው።

ስለዚህ ሲዲ ዘላለማዊ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አይደለሁም።

ዲጂታሉስ? ሶኒ ሱቁን ከከፈተላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም። እዚህ አገር ያለ ተጫዋች አካውንት ሲከፍት ሌላ አገር ኗሪ ነኝ ማለት አለበት። የእህቴ ልጅ የኛን አካውንት ኦሪገን ላይ ነው የከፈተው፤ ኦሪገን የሽያጭ ግብር የለም። ዲቪ እየሞላን ለኖርነው ለኛ ሳይደርሰን የቤታችን ፕሌይስቴሽን አሜሪካ ገብቶ፣ ግዛት መርጦ፣ ከግብርም ነፃ ሆኗል።

አሜሪካዊ አካውንት የኛን የባንክ ካርድ አይቀበልም። ስለዚህ አክስቴ ከሱፐርማርኬት ጊፍት ካርድ ትገዛለች፤ ጀርባውን በሳንቲም ትፍቀዋለች፤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን ሲሏት «ሌባ ያየዋል» ትልና 12ቱን ፊደልና ቁጥር በስልክ ታነብልናለች።

«ቢ። የበርበሬ ቢ።»

«እሺ።»

«ኤም። የመሶብ።»

«ኤን ነው ኤም?»

«መሶብ በኤን ይጻፋል?»

መስመሩ ይቆራረጣል፤ እንደገና ከበርበሬ እንጀምራለን። ሁሉም ካለቀ በኋላ ማውረዱ ይመጣል። የዛሬ ጌም 100 ጊጋባይት ማለፉ ብርቅ አይደለም። ሌሊት ይሻላል ተብሎ ሌሊት ይጀመራል፣ መብራት ይሄዳል፣ ጠዋት የቤቱ ሰው ሁሉ እየተነሳ ስንት ፐርሰንት ደረሰ ይላል። አፍ የለውም ይበሉት እንጂ፣ እኛ ቤት በአክስቴ አፍ ነው የሚበላው።

ለእህቴ ልጅ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ካሊፎርኒያ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ፣ ዲጂታል ሻጭ «ግዛ» የሚል ቁልፍ ካስቀመጠ የሚሸጠው ፈቃድ እንጂ ጌሙን ራሱን እንዳልሆነ በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል። ስቲም የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም ሱቅ ቀኑን እንኳን ሳይጠብቅ ማስታወቂያውን ከክፍያ በፊት ለጥፏል። «ገባህ?» አልኩት። «ከፍለህም ያንተ አይደለም። በፈቃድ ነው የምትቀመጠው።»

«ጋሼ፣» አለኝ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ይሄስ ቤት የቀበሌ አይደል?»

ዩኒቨርሲቲ ይህን ካስተማረ ክፍያው አይቆጭም።

በሌላ መንገድ ልግባ ብዬ ዘ ክሩን አነሳሁ። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው የመኪና ጌም ነው፤ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። በ2024 መጋቢት ማብቂያ ኩባንያው ሰርቨሩን ዘጋና ጌሙ በዚያው ቀረ። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር ተቆጥቶ ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ አስነሳ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመለት። እኛ ሰፈር ለመንገድ መብራት ፊርማ ሲሰበሰብ ግማሹ ሰው እስክሪብቶ የለኝም ብሏል። የዘ ክሩ ክፋት ግን ለእኔ ክርክር አለመርዳቱ ነው፤ ሲዲ የገዙትም ሰዎች እኩል ነው የቀሩት። ሲዲው እጃቸው ላይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አይሠራም።

የእህቴ ልጅ ይህንን ያውቃል። ሌላም ያውቃል። በ2022 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞደርን ዋርፌር 2፣ የፕሌይስቴሽን 5 ሲዲ እስከ 100 ጊጋባይት መያዝ ሲችል፣ እሱ ላይ የነበረው 70 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን ከኢንተርኔት አውርዱ ነው የተባለው። ኒንቴንዶ ደግሞ በ2025 ከስዊች 2 ጋር፣ ጌሙ ውስጧ የሌለ፣ የማውረጃ ፈቃድ ብቻ የያዘች ካርድ አመጣ። ሱቅ ሄደህ፣ ተሰልፈህ፣ ከፍለህ፣ ቤትህ ይዘህ የምትመጣው «ኢንተርኔት አለህ?» የሚል ጥያቄ ነው።

እንዲህ ከሁለት ወገን ከተመታሁ በኋላ ለአክስቴ ደውዬ አፍ ያለውን አምጪ አልኳት።

ምክንያቴ መዋስ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በ2013 ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ ዋንን ሲዲ እንደልብ ማዋስና መሸጥ ላይ ገደብ ላደርግ ነው ሲል፣ ሶኒ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ለቀቀ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጌም እንዴት ይዋሳሉ የምትል ትምህርት ናት። አዳም ቦይስና ሹሄይ ዮሺዳ የሚባሉ የኩባንያው ሰዎች ሲዲውን እጅ በእጅ ይቀባበላሉ፤ ተቀባዩ ያመሰግናል፤ አለቀ። ማይክሮሶፍት በዚያው ወር ሐሳቡን ቀየረ። (ያው ሶኒ በ2024 ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮን በ700 ዶላር ያለ አፍ አወጣ፤ አፉን ለብቻው ይሸጣል። ቪዲዮዋ ግን እስካሁን ትታያለች።)

እኛ ሰፈር ሲዲ ሲዋስ ከዚያ ይረዝማል። የጎረቤት ልጅ ያንኳኳል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ቁጭ በል ሲባል እምቢ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ በሩ ላይ ሲደርስ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው «ጋሼ፣ ያ ሲዲ ይኖር ይሆን?» ይላል። ሲዲው በአንድ ሳምንት ይመለሳል ተብሎ በሁለተኛው ወር፣ ተቧጭሮ፣ ያለ ሽፋኑ፣ እናቱ ከላከችው ድፎ ዳቦ ጋር ይመለሳል። ድፎውን የሚያይ ሰው ስለ ጭረቱ አያነሳም። ዲጂታሉን ለማዋስ ግን ፓስወርዴን፣ ከፓስወርዱ ጋር የኦሪገን አድራሻዬንና አክስቴ ያነበበችውን መሶብ በሙሉ ማስረከብ አለብኝ። ማንም ለፓስወርድ ድፎ ጋግሮ አያውቅም።

አክስቴ መጣች። ካርቶኑን ስንከፍት ላዩ ላይ አንድ ነገር ተጽፏል፦ በቀጭኑ ሞዴል ላይ ሲዲ ማጫወቻው መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ከማሽኑ ጋር የሚተዋወቀው በኢንተርኔት ነው። አፉም አፉን የሚከፍተው ኢንተርኔት ሲፈቅድለት ነው ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ምንም አላለም። ዝም ብሎ ከስልኩ ኢንተርኔት ለቀቀልኝ፤ ዝምታው ከክርክሩ የባሰ ነበር።

አፉ ተከፈተ። እግር ኳሱን ላስገባ ስል አክስቴ «ቆይ» አለችና ከሻንጣዋ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የልጇ ሰርግ ዲቪዲ ነው፣ ሜሪላንድ የተደገሰው።

«ልጆቹ ዲቪዲም ያጫውታል አሉኝ» አለች። «ሃምሳ ዶላሩን ለምን የጨመርኩ መሰለህ?»

የሰፈር እናቶች ተጠርተው ሳሎኑ ሞላ። ባለቤቴ አፍ ያለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነች። የዲጂታል ጠበቃው የእህቴ ልጅ ጆይስቲኩን ይዞ መሐል ተቀምጧል፤ ከየአቅጣጫው ትእዛዝ ይዘንብበታል። «አቁምልኝ!» «ወደኋላ፣ ወደኋላ!» «ያቺ ከሚዜው ጎን ያለችው የማን ልጅ ናት?»

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ በጆሮዬ።

አክስቴ ሰማችው። «ገና ነው ልጄ» አለች። «ይሄ ሰርጉ ነው። ሁለተኛው ሲዲ መልሱ ነው፤ ቅልቅሉ ደግሞ ለብቻው አለ።»