ፖይንት ቆጥሮ ኮከብ መድረስ

ፊደል በፖይንት፣ ኮከብ በብርሃን ዓመት ይለካል። ሁለቱን ማገናኘት የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ እርስዎ ከጥቂቶቹ አንዱ ነዎት ብዬ ልነሳ። የመጽሔትዎ ገጽ ቀንባሪ «ርእሱን ከጽሑፉ ትንሽ ላርቀው?» ሲልዎት «እስከ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ» ብለው ቢመልሱለት፣ ልጁ ቁጥር ይፈልጋል። ለዚያ ቀን ከአሁኑ ይሰናዱ።

በቅድሚያ ወርድን ተማምነው ጉዞ እንዳይጀምሩ። ማይክሮሶፍት ወርድ ከ1638 ፖይንት በላይ የሆነ የፊደል መጠን አይቀበልም፤ ያ ደግሞ 58 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ወረቀቱን ከ22 ኢንች፣ ማለትም ከ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ስለማያስረዝም፣ ራሱ ከሚፈቅደው ወረቀት የሚበልጥ ፊደል ይፈቅዳል ማለት ነው። (ለምን እንደሆነ አይጠይቁ።) ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር፣ በፖይንት 1.09 ትሪሊዮን ያህል ትርቃለች። በ1638 የተጻፈ «ሀ» እየደራረቡ ሊወጡ ካሰቡ 665 ሚሊዮን ገደማ «ሀ» ያዘጋጁ። «ሁ» ላይ ሳይደርሱ ጨረቃ ላይ ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይቁረጡ፦ በማን ፖይንት? አቡጀዲ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ብልህ ገዢ ክንደ ረጅም አጎቱን አስከትሎ ገበያ ይወጣ እንደነበረው፣ ፖይንትም ባለቤት አለው። ፓሪሳዊው አታሚ ፍራንሷ አምብሯዝ ዲዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ መለኪያውን ከፈረንሳይ ንጉሥ እግር ቀዳ፤ የእሱ ፖይንት 0.376 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ ፊደል አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1886 በሌላ ተስማሙ፤ በእነሱ ቤት አንድ ኢንች 72.27 ፖይንት ገደማ ይይዛል። በ1980ዎቹ አዶቢ ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ መግለጫ ቋንቋ ሲያወጣ ከነጥብ በኋላ ያለችውን ትርፍ ጎምዶ በኢንች ልክ 72 አደረገው። ዛሬ ኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ይኸው ነው።

በጋዜጣ ርእስ ላይ ልዩነቱን ዓይነ ስል አራሚ እንኳ ላያየው ይችላል። ፕሮክሲማ ግን 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። በኮምፒውተሩ ፖይንት አስልተው በዲዶ ፖይንት ከተጓዙ ኮከቧን ከሩብ የብርሃን ዓመት በላይ አልፈዋት ይገኛሉ፤ እዚያ ደርሰው «ወራጅ አለ!» ቢሉ የሚሰማዎት የለም። የአሜሪካው ልዩነት ትንሽ ስለሚመስል የባሰ ያዘናጋል። እሱን ከኮምፒውተሩ ጋር ያምታታ ሰው በእያንዳንዱ የብርሃን ዓመት 35 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፈችው መንኮራኩር ቮየጀር 1 ይህን ሁሉ ዘመን በርራ የራቀችው ገና 25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ዓመቱስ የማን ነው? እዚህ ላይ ደረትዎን ነፋ ማድረግ ይፈቀድልዎታል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የብርሃንን ዓመት የሚያሰሉት በ365 ቀን ከሩብ ነው፤ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ማወላወል ስድስት በምትሆንበት በእኛው ዓመት ልክ። ፈረንጆቹ በየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ስለሚጥሉ የእነሱ ዓመት በአማካይ 10 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ያጥራል። ብርሃን በዚህች ጊዜ 194 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ፀሐይ ያለችው ደግሞ 150 ሚሊዮን ላይ ነው። እንግዲህ የውጭ አገር ወዳጅዎ «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታችኋል» ብሎ ሲያሾፍብዎት፣ ከዋክብት በማን ዓመት እንደሚሰፈሩ በትሕትና ያስረዱት። ቡናውን ከጨረሰ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

«ለጥቂት ፖይንት ይህ ሁሉ ግርግር?» የሚል አይጠፋም። ሃብል የተባለውን ቴሌስኮፕ ይጥቀሱለት። ትልቁ መስታወት ሲሞረድ ቅርጹን ይፈትሽ በነበረው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊ ሜትር ከቦታው ተዛንፎ ነበር፤ በእኛ ሒሳብ አራት ፖይንት እንኳ አይሞላም። መስታወቱ በዚያ ስሕተት ልክ በጥንቃቄ ተሞርዶ እ.ኤ.አ. በ1990 ሕዋ ገባና ጋላክሲዎችን አደብዝዞ ማሳየት ጀመረ። በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ወጥተው ማረሚያ እስኪገጥሙለት ድረስ እንደዚያው ነበር። ማረሚያውን ገጽ ቀንባሪ በሁለት ክሊክ የሚያስተካክለው እንዳይመስልዎት።

አሁን ቁጥሩን ይያዙ። የብርሃን ፍጥነትም፣ ኢንችም፣ የሊቃውንቱ ዓመትም በስምምነት የተቆረጡ ስለሆኑ «ገደማ» ማለት አያስፈልግም፤ አንድ የብርሃን ዓመት በኮምፒውተሩ ፖይንት 26,817,818,662,433,763,779 ነው፤ ከግማሽ ፖይንት ትንሽ የሚበልጥ ትርፍም አለው። ትርፏን ንቀው አይጣሏት፤ ግማሽ ፖይንት ስንት መስመር ወደሚቀጥለው ገጽ እንደገፋ ማተሚያ ቤት የዋለ ያውቃል። በቃልዎ መያዝ ከከበደዎት ቢዝነስ ካርድዎ ላይ ያሳትሙት። በታይምስ ኒው ሮማን፣ በ12 ፖይንት፣ ሃያው አኃዝ ከነኮማው 138 ፖይንት ብቻ ይፈጃል፤ አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስምዎን ከላይ፣ ስልክዎን ከሥር ያድርጉት። ሰዎች በስሕተት የላይኛውን ቁጥር እንዳይደውሉ «ስልክ» የሚለው በደማቁ ይጻፍ።