«በር ላይ ወጥቶ ያስገባኛል»

«ባንዱ ውስጥ የማውቀው ልጅ አለ፤ በር ላይ ወጥቶ ያስገባኛል» አልከኝ። ታውቀው የለ? እንግዲያው ከማያውቀው ሰው ቀድመህ መክፈል ያለብህ አንተ ነህ። ልጁ ለዛሬ ማታ ሲል ሲለማመድ ነው የሰነበተው። ለድምፅ ባለሙያው ይከፈላል፣ ማጉያው ኪራይ አለው፤ ሚኒባስ በማይገኝበት ሌሊት ባስ ጊታሩን አቅፎ ቤቱ የሚገባውም በራይድ ነው። አንተ በዘመድ ገብተህ፣ ከፊት ተቀምጠህ፣ ሁለት ቢራ ጠጥተህ ብትወጣ ቢራ ፋብሪካው ድርሻውን አገኘ፤ ወዳጅህ ግን ጭብጨባህን ይዞ ሄደ። ጭብጨባ ደግሞ የቤት ኪራይ አይሆንም።

«ዩቲዩብ ላይ አለልኝ» ያልሽው እህቴም ስሚኝ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ያለፈው ነው። አዝማሪ ቤት ስትገቢ ማሲንቆውን የያዘው ሰው ቀና ብሎ ያይሽና ስለ ቀሚስሽ፣ ስለ አረማመድሽ፣ አጠገብሽ ስለተቀመጠው ሰው እዚያው በዚያው ይገጥማል። ያ ግጥም ትናንት አልነበረም፤ ነገም አይደገምም። አንቺም ዝም ብለሽ የሚገጠምብሽ ብቻ አይደለሽም፤ «ተቀበል!» ብለሽ የራስሽን ስንኝ ትሰጪዋለሽ፣ እሱም በዜማ አድርጎ ለቤቱ ያሰማልሻል። «ተቀበል» ሲሉት የሚቀበል ስልክ ካለሽ አሳዪኝ።

«አዝማሪ ሰው ፊት ያሳፍራል» የሚሉ ታላላቆችም አሉ። ጋሼ፣ በሆድዎ የቀለደው ሆድዎን አይቶ ነው፤ አይቶ መግጠም ደግሞ የሙያው ዋና ነገር ነው። ይመልሱለት እንጂ! ቤቱ ሁሉ አብሮዎት ይስቃል። ከሳቁ በኋላም ሽልማቱን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለት፤ ያን ግጥም ማንም ሌላ ሰው ሊሰጥዎት አይችልም ነበር።

«ሙዚቃ ድሮ ነበር እንጂ! እነ ዋልያስ ባንድ፣ አይቤክስ ባንድ፣ ሮሃ ባንድ…» የሚለኝ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ነበር። ሰሚም ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ማታ መንገድ ላይ መገኘት በሚያስጠይቅበት ጊዜ፣ ሙዚቃ ወዳዱ ሆቴል ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ እስኪነጋ ከባንዱ ጋር ያድር ነበር። ዋልያስ በሂልተን ለዓመታት የቆየው፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ስሙን የተከለው ፊት ለፊቱ ሰው ስለነበረለት ነው። አንተ ዛሬ ከልካይ የሌለብህ ሰው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ፒጃማህን ለብሰህ «ድሮ ቀረ!» ትላለህ። ድሮማ የቀረው አንተ ስለቀረህ ነው።

የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይጫወት ነበር። ቀደም ሲል የሠራው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 በውጭ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ የዓለም መድረክ ጠራው። ሰውየው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር፤ ጠፍቶ የከረመው ሰሚው ነው። ታዲያ ዛሬ በሠፈርህ የሚጫወተውን ወጣት የውጭ ሰው አግኝቶ እስኪነግርህ ምን ያስጠብቅሃል?

«ቦታ የታለና?» ትለኛለህ። ቦታውማ እየሳሳ ነው። የጃዝ ቤቱ ጃዛምባ በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። የተወዛዋዡ የመላኩ በላይ አዝማሪ ቤት ፈንድቃ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ከኖረበት ተነሣ። በእሳቱና በዶዘሩ ላይ የአንተ መቅረት ከተጨመረበት ምን ይተርፋል?

«ሰዓት አያከብሩም» ስትሉ ግን ክርክር የለኝም፤ ከእናንተ ጋር ነኝ። ቲኬቱ ላይ 1 ሰዓት ይላል፤ ዋናው ድምፃዊ 5 ሰዓት ላይ ብቅ ይላል። አዘጋጁን ስትጠይቁት «የሐበሻ ሰዓት ነዋ!» ይላችኋል። ወንድሜ፣ የሐበሻ ሰዓት ከንጋት ጋር ተነሥቶ የሚቆጥር ሰዓት ነው፤ መዘግየትህን በእኛ ስም አትጥራው። ፕሌይባክ አስከፍቶ አፉን ለሚያንቀሳቅሰው ድምፃዊም መልሴ አጭር ነው፦ አንተ ድምፅህን ቤት ትተህ አፍህን ብቻ ካመጣህ፣ እኛም ብሩን ቤት ትተን ቦርሳውን ብቻ እናመጣለን። በላብ የሚሠሩትን ልጆች ዋጋ የሚያሳጣው እንዲህ ያለው ሥራ ነውና ተመልካች ዝም ሊለው አይገባም።

«ለማስታወሻ ነው» ብለህ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በስልክ የምትቀርጸው ደግሞ፦ ከኋላህ ያለችው ልጅ የከፈለችው ክንድህን ለማየት አይደለም። ትንሽ ቅረጽና እጅህን አውርድ።

በዚህ ሳምንት ባንድ የሚጫወትበት አንድ ቤት ምረጡና ሂዱ፤ ስሙን የማታውቁት ባንድ ቢሆን ይመረጣል። በር ላይ ክፈሉ፣ ሲጫወቱ አድምጡ። ሲያበቃም ድራመሩን ስሙን ጠይቁት፤ ድምፃዊውን እንጂ እሱን የሚጠይቅ ሰው የለም።