የሟች «ራሴ እፈታዋለሁ» የሕይወት ታሪክ

ሟች «ራሴ እፈታዋለሁ» ከአባታቸው ከአቶ ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ መለዋወጫ ጠፋ ተወልደው በቶርኖ ቤት ዘይትና ፍቅፋቂ ብረት መካከል አደጉ። ደግነታቸውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላነሣም። የማነሣው ብሎኑን ነው። እኚህ ሰው ፈትተው ከገጠሙት ማሽን ሁሉ ብሎን ይተርፍ ነበር። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ብለው የተረፈውን ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉታል። ማሽኑ ግን ይነሣል! እንዴት እንደሚነሣ የገባው መሐንዲስ የለም።

ሕመማቸው የጀመረው ማሽን ኮምፒዩተር ሲገባለት ነው። ሲኤንሲ የሚሉት ባለኮምፒዩተር ማሽን መጣ፤ መቁረጡንስ ያውቅበታል። አንዳንዱ ግን በሆዱ ሴንሰር ይዞ መጣ፤ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ይቆለፋል። ጣሪያ ቢያፈስ፣ አከራይ ቢያስወጣ፣ ባለቤቱ ሞቶ ልጆቹ ቢሸጡት፣ ለሴንሰሩ ሁሉም ስርቆት ነው። መክፈቻው ኮድ ያለው አምራቹ ዘንድ ነው። ከፍሎ የገዛ ሰው በገዛ ግቢው ደጅ ይጠናል።

አምራቾቹ ለመቆለፋቸው ምክንያት የላቸውም አልልም። የመርከብ ፕሮፔለር የሚቀርጹ ትልልቅ ማሽኖች በስውር ለሶቪየት ኅብረት መሸጣቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጋለጥ፣ ሰርጓጅ መርከቦቿ ድምፃቸውን አጠፉ ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። እሺ። የወፍጮ ዘንግ የሚያስተካክል ሰውስ ማንን ሊያሰጥም ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አንድ ትልቅ የትራክተር አምራች ለአሜሪካ መንግሥት ሲያስረዳ፣ ገበሬው ትራክተሩ እስካለ ድረስ የመንዳት ፈቃድ እንዳለው ገልጿል። ፈቃድ! በከፈለበት ትራክተር። እዚያስ የተደበቀው የትኛው ሰርጓጅ ይሆን?

ገዳያቸውን በስም አልጠራም። ድንኳኑ ጥግ ከረባት አስሮ ኀዘንተኛውን የጥገና ውል የሚያስፈርም ሰው ካያችሁ፣ እኔ ምንም አላልኩም።

ሣጥናቸውን የገጠመው ተማሪያቸው ነው፤ አራት ብሎን ተርፎታል። ስቃችኋል፣ እኔም ስቄያለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይኸው ልጅ ነው። ሙያውን ያገኘው የተበላሸ ማሽን ሆድ ውስጥ እጁን ከትቶ፣ ተሳስቶ፣ ተሰድቦ፣ እንደገና ፈትቶ ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ተለማማጅ ስክሪኑ ላይ «አምራቹን ያነጋግሩ» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ ከዚያ ሻይ እንዲያመጣ ይላካል።

አልሞቱም የሚሉ አሉ። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ግዛት፣ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች መለዋወጫውንም ሶፍትዌሩንም ለገበሬው እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ እየሠራ ነው፤ እዚያ ትራክተር ሥር ተኝተው ታይተዋል ይባላል። በቶርኖ ቤት በኩል ግን ያያቸው የለም።