የሰው ሣር

መሬት ሦስት ዓይነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የራስ፣ የሰውና የመንግሥት። ሚኒሶታ ቤት ከገዛሁ በኋላ ግን አራተኛ ዓይነት እንዳለ ተረዳሁ፤ ባለቤቱ መንግሥት ሆኖ ሠራተኛው አንተ የሆንክበት። በእግረኛው መንገድና በአስፋልቱ መሀል የተጋደመች ቀጭን የሣር መሬት አለች። እዚህ ቡልቫርድ ይሏታል። ዛፍ የሚተክልባት ከተማው ነው፤ ቧንቧ የሚቀብርባት ከተማው ነው፤ ከመንገድ የጠረገውን በረዶ የሚቆልልባትም ከተማው ነው። ማጨድ፣ ማጠጣት፣ የሞተውን ነቅሎ አዲስ መዝራት ግን የእኔ ፋንታ ነው። አባቴ በወጣትነቱ «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ የወጣ ሰው ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲታወጅ የተሰማውን ደስታ ዛሬም ያወራል። ልጅህ ባሕር ተሻግሮ ጭሰኛ ሆነ ብዬ ግን አልነገርኩትም። ያውም የድሮው ጭሰኛ ከምርቱ ድርሻ ነበረው። እኔ ከዚህች መሬት ያገኘሁት ምርት ቢኖር አንድ ደብዳቤ ነው። ወደ ደብዳቤው እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ንዴቴ ይብረድልኝ።

የዘንድሮው ዊንተር ለጉድ ነበር። እርግጥ «የዘንድሮስ ለጉድ ነው» የሚለው እዚህ በየዓመቱ የሚባል የሰላምታ ክፍል ነው፤ ችግሩ በየዓመቱ እውነት መሆኑ ነው። ብርዱ አየሩን ሲጨርስ መሬት ውስጥ ይገባል። በእኛ አካባቢ ቤት ሲሠራ መሠረቱ ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ፣ ወደ ታች እንዲወርድ የሕንፃ ደንቡ ያዛል፤ ወደ ሰሜን ሲወጣ 60 ኢንች ይሆናል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ እያበጠ፣ ሲቀልጥ እየሰመጠ ቤት ያናጋላ! ቤት ያናጋ መሬት ላይ ሣር ምን ያድርግ?

መጋቢት ላይ በረዶው መሳሳት ሲጀምር ከሥሩ የሚወጣው ጉድ ብዙ ነው። ዊንተሩን ሙሉ «ግድ የለም፣ በረዶው ይሸፍነዋል» ሲባል የከረመው የውሻ ጣጣ በየንብርብሩ ይገለጣል። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጓንት ይገኛል፤ ሁልጊዜ አንድ እግር ነው፤ ሁልጊዜም የግራ። ሣሩ ላይ ደግሞ ክብ ክብ እየሠራ የተለጠፈ ግራጫ ነገር ታያላችሁ፤ የበረዶ ሻጋታ ነው። በረዶው ሳይነሣ በከረመበት ቦታ ከሥሩ የሚራባ ፈንገስ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን ብትገልጡት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች እንክብል ተጣብቃበት ታገኛላችሁ፤ ፈንገሱ በጋውን ተኝቶ የሚያሳልፍባት ቤቱ ናት። ከሻጋታው አጠገብ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጠመዝማዛ ጎዳና ተቀይሷል። ቮል የምትባል ጅራተ አጭር አይጥ ከበረዶው ሥር ሆና ሣር እየበላች ያወጣችው መንገድ ነው። በመንገድ ሥራ ከተማውን ታስንቃለች፤ የእሷ ጉድጓድ የለውም።

የባሰባት ቡልቫርዷ ናት። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ምላጩ ጠርዙን አልፎ ሲወጣ ሣሩን ከነሥሩ ገፎ፣ ጠቅልሎ ወዲያ ጥሎታል። ምላጩ የተወውን ጨው ጨርሶታል። የግዛቲቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት አንዲት የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ለመበከል እንደምትበቃ ያስጠነቅቃል፤ መንገዱ ላይ የሚደፋው ግን በገልባጭ መኪና ነው። አያቶቻችን አሞሌውን ከአፋር በረሃ በግመል ጭነው እያወጡ እንደ ብር ተገበያይተውበታል። እዚህ ያው ገንዘብ አስፋልት ላይ ተበትኖ፣ ቀልጦ፣ የእኔን ሣር አድርቆ ይሄዳል።

ይኼን እያየ የሣር መቧጠጫውን ሬክ ይዞ የማይወጣ ሰው የለም። ሲወጣ ደግሞ «ተው» የሚለው አይታጣም። ጎረቤቴ ቅድመ አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቴርሞሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲነካ በቁምጣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። «ገና ነው» ይሉኛል። እርጥብ አፈር ሲረገጥ ተጠቅጥቆ አየር ያጣል፤ ሳይደርቅ ከተቧጠጠም ደህናው ከሞተው ጋር ተነቅሎ ይወጣል። እሺ፣ መቼ ነው? ሲደርቅ። መቼ ይደርቃል? በረዶው ሲያበቃ። በረዶው መቼ ያበቃል? እዚህ ላይ ሽማግሌው ፈገግ ብለው ወደ ሰማይ ያያሉ። ሚያዝያ ውስጥ አካፋ ይዞ የወጣ ሰው ፈገግታቸው ይገባዋል።

መደብር ብትሄዱ ደግሞ ግድግዳ ሙሉ ከረጢት ተደርድሯል። አንዱ ክራብግራስ የሚባለውን አረም ገና ከመብቀሉ የሚያስቀር ነው፤ አፈሩ ወደ 13 ዲግሪ ከመድረሱ በፊት መበተን አለበት። ሌላው የሣር ዘር ነው። ሁለቱንም ገዝታችሁ ባንድ ላይ ከበተናችሁ ገንዘባችሁን በተናችሁ፤ አረሙን የሚከለክለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ዘርም ይከለክላልና። ከረጢቶቹ ግን ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለወገን ባማክር ምክሩ ጎረፈ። አንዱ «ኮብልስቶን አንጥፍበትና ተገላገል!» አለኝ። ሌላው ለቡና የምንጎዘጉዘውን ዓይነት የፕላስቲክ ሣር በሜትር የሚሸጥበትን ቤት ጠቆመኝ። አንዲት እናት ብቻ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣

«ለመሆኑ ላም አላችሁ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የለንም፣ እማማ።»

«ታዲያ ሣሩን ምን ልታደርጉት ነው?»

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። እስቲ የሣሩን ዘር እንቁጠርለት፤ እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች አይደለን? በግቢዬ ያለው ኬንታኪ ብሉግራስ ይባላል። ኬንታኪ አልተወለደም፤ ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን አገርህ የት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቤተ ዘመዱ ሰፊ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ቀርከሃ ሁሉም የሣር ወገን ናቸው፤ ጤፍም ናት። አንዱ ዳቦ ይሆናል፣ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ግድግዳና ጣሪያ። ከዚህ ሁሉ ታታሪ ዘመድ መሀል ሥራ የሌለው የእኔ ሣር ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ በየሳምንቱ ፀጉሩን ይስተካከላል።

ዘመዶቹስ? ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የምትባል ቀጭን ሣር አለች። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጤፍ የተገኘችው ከእሷ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የእንጀራችን አያት መሆኗ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ትበቅላለች፤ ማዕረጓ አረም ነው። በከረጢት መድኃኒት የሚዘመትበት ክራብግራስም ቢሆን ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሰው ለምግብ የሚያመርተው የፎኒዮ የቅርብ ዘመድ ነው። ከሣር ወገን ባይሆንም የቢጫ አበባዋ ዳንዴላይን ጉዳይ የባሰ ነው፤ አውሮፓውያኑ ቅጠሏን ሊበሉ፣ ለመድኃኒትም ሊያደርጓት ወድደው ያመጧት ናት። በሁዳዴ ጾም እዚህ አገር ቀድመው አረንጓዴ ከሚሆኑት የሚበሉ ቅጠሎች አንዱ የእሷ ነው፤ እሱንም መርዝ ይረጩታል። ሰርዶን ተመልከቱ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላ አህያ የተናዘዘችበት ሰርዶ፣ በደቡቡ አሜሪካ ቤርሙዳ ተብሎ በገንዘብ ተገዝቶ የሚተከል ክቡር ነው፤ ሽቅብ ወደ ሰሜን ሲመጣ ደግሞ ይነቀላል። አረምነት እንግዲህ የጠባይ ሳይሆን የአድራሻ ጉዳይ ነው።

ሥራ የሌለው ሣር የማሳደጉ ቅብጠት የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ድሮ ግቢውን ሣር አልብሶ ባዶውን የሚያሳድር፣ ብዙ አጫጅና ብዙ በግ ያለው መኳንንት ብቻ ነበር። በ1830 እ.ኤ.አ. ኤድዊን በዲንግ የሚባል የግሎስተርሺር መሐንዲስ የጨርቅ ፋብሪካ መከርከሚያ አይቶ የሣር ማጨጃ መኪና ፈለሰፈ፤ ከዚያ ወዲህ ባላባትነቱ ቀርቶ አጫጅነቱ ለሁላችን ደረሰን። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ናሳ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት የአሜሪካ የግቢና የሜዳ ሣር ወደ 160 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ገምቷል። 16 ሚሊዮን ሄክታር ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጤፍ የሚዘራበት መሬት 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። አምስት እጥፍ! አምስት እጥፍ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ጠጥቶ፣ ታጭዶ አንድ እንጀራ የማይወጣው። እማማን ምን ብዬ ልመልስላቸው?

እንግዲህ ደብዳቤው። በትሕትና ይጀምራል። ከንብረትዎ ፊት ያለው ቡልቫርድ ተራቁቶ ታይቷል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣር እንዲያለብሱት ይሁን፤ ካልሆነ ከተማው አሠርቶ ሒሳቡን ይልክልዎታል ይላል። ማን አራቆተው? ገፋፊው እሱ፤ ጨው ደፊው እሱ፤ መርማሪው እሱ፤ ፈራጁም እሱ። ለእኔ የተረፈኝ ከፋይነት ነው። ሁለት ሳምንትስ ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ኬንታኪ ብሉግራስ አፈሩ ሞቆለት እንኳ ብቅ ለማለት ብቻ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ባለሙያዎች ሣር ለመዝራት ደህናው ጊዜ ከነሐሴ አጋማሽ ገደማ እስከ መስከረም መግቢያ ነው ይላሉ። ስለዚህ ደብዳቤው የተላከው ለተሳሳተ ሰው ነው፤ ለሣሩ መጻፍ ነበረበት። በዚሁ መንገድ ላይ አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ ጠዋት የምትመለስ ያገሬ ልጅ አለች፤ እሷም ደርሷታል። ሁለት ሳምንቱ የሚቀነሰው ከእንቅልፏ ነው። ያላበላሸችውን፣ የእሷ ያልሆነውን፣ በዚህ ወቅት ሊበቅል የማይችለውን ነገር አብቅይ ተብላ! ሕግ አውጪው ወንበሩን ትቶ አንድ ቀን መሬቱን በእጁ ቢነካው ምን ነበረበት? የሚገርመው ደግሞ ግዛቲቱ ራሷ በ2019 እ.ኤ.አ. ላውንስ ቱ ለጉምስ የሚል ፕሮግራም ጀምራ፣ ሣራቸውን ቀንሰው ንብ የሚወድደውን ተክል ለሚተክሉ ነዋሪዎች ወጪያቸውን ትደጉማለች። ግዛቲቱ ንቀል፣ ከተማው ትከል። እኔ ሬኬን ይዤ መሀል ቆሜያለሁ።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ንግግሬን እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ተንፍሳ «የእኔ ቡልቫርድም እንደዚያው ሆኗል፤ እኔም ደብዳቤው ደርሶኛል» አለችኝ። ለገዛ መሥሪያ ቤቷ ጭሰኛ መሆኗ ነው! ምን ይባላል? ቀነ ገደቡ ይራዘም እንደሆን አለቃዋን ልትጠይቅልኝ ተስማማን። እሷስ? «እኔማ ለማን አባቴ እደውላለሁ» በሚል ድምፅ ሳቀች።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ሌላ እርሻ አለ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር በባዶ የእርጎ ዕቃ በሶብላና ጤና አዳም አብቅላለች፤ ሜይ አጋማሽ ሳያልፍ ወደ ውጭ አታወጣቸውም። ቡልቫርዷ ላይ ጎመን እንዝራባት የሚል ሐሳብም አላት። መሬቱ ጨው ጠጥቷል ብላት «እሰየው፣ ስንቀቅለው ጨው አንጨምርም» አለችኝ። ወንድሟ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ዋይት ሀውስ ግቢ ውስጥ በጎች አሰማርተው እንደነበር፣ አጫጆቹ ለጦርነቱ ሥራ እንዲተርፉ ተብሎ እንደሆነ፣ ፀጉራቸውም ተሸልቶ በጨረታ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ለቀይ መስቀል እንዳስገባ አንብቤ ነግሬው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ «ለፋሲካ የምንገዛውን በግ ሳምንት ቀደም ብለን እናምጣውና ሣሩን ይጨርስልን» እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሣሩ ገና ቡናማ እንደሆነ፣ ለቄጠማ እንኳ እንደማይበቃ፣ ደንቡም በከተማ በግ ይፍቀድ አይፍቀድ እንደማይታወቅ ብነግረው አልሰማ አለ።

ክርክሩ ዞሮ ዋጋ ላይ ወደቀ። በግ የሚሸጥልን ገበሬ በጉን የሚሸጠው ሚዛን ላይ አውጥቶ በፓውንድ ነው። እኛ በግ የምናውቀው በዓይን ገምተን፣ ወገቡን ጨብጠን፣ ላቱን በመዳፍ መዝነን ነው። የእሱ በጎች ደግሞ ላት የላቸውም፤ ጅራታቸው ቀጭን ነው፣ እሱንም ገና ግልገል ሳሉ ይቆርጡታል። ወንድሟ ላት የሌለው በግ ዋጋው ግማሽ መሆን አለበት ባይ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ገበሬው ይህን ሲሰማ ከነጭራሹ በሩን ይዘጋብናል ትላለች። ለመሆኑ በእናንተ ዘንድ ዘንድሮ በግ ስንት ገባ?