መቱ የማይወርድ ጀግና

በልብወለድ ላይ ለመፍረድ ሁለት ነገር ይበቃል፤ ዝናብና ሥራ መፍታት። መቱ ውስጥ ሁለቱም በነጻ ይታደላሉ። ክረምት ከገባ በኋላ «ሲያባራ እመጣለሁ» ብሎ የቀጠረ ሰው ሊቀር እንዳሰበ ወዲያው ይታወቅበታል። ጎረቤታችን ጎሬ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚመዘገብባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ እኛም ድርሻችንን ተነፍገን አናውቅም። በዚያ ላይ እኔ የቡና መጋዘን ሒሳብ ያዥ ነኝ። ቡናው ቀልቶ እስኪለቀም ድረስ ሚዛኑም እኔም ተቀምጠን እንከርማለን። ስለዚህ ክረምት ክረምት የምመዝነው ልብወለድ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የለኝም። የመቱ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ቡና ሊጠጡ ወጥተው «ሴራው ልል ነው፣ ገጸ ባሕሪው አላደገም» ሲባባሉ እሰማና ዝም እላለሁ። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ ሻማ ለኩሼ ከቀጠልኩ መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ መብራት ሲሄድ «ተመስገን» ብዬ ከተኛሁ መጽሐፉ መጥፎ ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ያለው ሐያሲ ካለ ይምጣና እንከራከር፤ ቡናው በእኔ ነው።

መጻሕፍቱን የምከራየው መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሰውዬ ነው። መያዣ ያስይዛል፣ በቀን ያስከፍላል፣ ዝናብ ያስመታ ይቀጣል። አንድ ነውር ግን አለበት፤ አብዛኞቹ መጻሕፍቱ የመጨረሻ ገጽ የላቸውም። ስንቱ እጅ ገብተው፣ ስንቱ አውቶቡስ ላይ ተረስተው፣ ስንቱ ኪስ ውስጥ ታጥፈው እንደወጡ ፈጣሪ ይወቀው። የጎደለውን እሱ በቃሉ ይሞላል፤ ለዚህ ተጨማሪ ሒሳብ አይጠይቅም። ችግሩ ሆደ ቡቡ ነው። በእሱ አፍ ማንም አይሞትም። የተጣላው ይታረቃል፣ የታሰረው ይፈታል፣ ሰላዩ ሳይቀር ንስሐ ገብቶ ሱቅ ይከፍታል። በዚህ ምክንያት ካነበብኳቸው ልብወለዶች ብዙዎቹ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው መጨረሻ አላቸው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ሊያድን አልቻለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ እነ በዛብህ መጨረሻቸው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከየት ይገኛል? አንድ ጊዜ ብቻ «እኔ በሰማሁት ግን…» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው ሲያዩት ተወው።

እኔ የማነበው ጮክ ብዬ ነው። ምክንያቱም ጎረቤቴ አዴ ማታ ማታ ቡና ያፈላሉ፤ የቡናው ዋጋ ደግሞ ንባብ ነው። አዴ ፊደል አልቆጠሩም፤ እስከ ዛሬ ያየኋቸው ኃይለኛ ሐያሲ ግን እሳቸው ናቸው። የበዛብህ ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ስታቋርጥ ሰሙና ሲኒውን ቁጭ አደረጉት።

«ለምን ወደዚህ አልመጡም?»

«ወዴት አዴ?»

«ወደዚህ ነዋ! ጫካ አለ፣ ማር አለ፣ ቡና አለ። ፊታውራሪው አባቷ እዚህ ድረስ አይመጣባቸው። የማን ልጅ ናችሁ የሚላቸውስ ማን አለ?»

የመጨረሻዋ እንኳ ለወጉ ያህል የተባለች ናት፤ መቱ ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ጥያቄያቸው ግን ከነከነኝ። ምክንያቱም ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን የምዕራብ አገር በካርታ አይደለም ያወቁት። አዲስ አበባ በጣልያን ከተያዘች በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ ልዑል ራስ እምሩም የመጡት ወደዚሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱ አርበኛ ነበሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣልያን ተጋዙ። እንዲህ ዓይነት ሰው ለበዛብህ በጎሬ በኩል የሚያስወጣ አንዲት ቀጭን መንገድ ቢያሳዩት ምን ነበረበት? መጽሐፉ እንደሚያጥር አውቃለሁ። ሁለት ሰው ግን ይተርፍ ነበር።

ያን ሰሞን ነው አንድ ነገር የተገለጠልኝ። የአማርኛ ልብወለድ ጀግና አገር ምድሩን ያዳርሳል፤ መቱ ግን አይወርድም።

የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» እንውሰድ። አቤል ትዕግሥትን ይወዳታል፤ ግን አይነግራትም። ምዕራፍ ያልፋል፣ አይነግራትም። ፈተና ይደርሳል፣ አይነግራትም። ይህ ታሪክ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሆነ ነው መጽሐፍ የወጣው። አቤል እዚህ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ያያትን ልጅ ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ሾፌሩ ይነግራታል፤ ማታ እናቷ ይሰማሉ፤ በማግስቱ ሽማግሌ መላክ ወይም ከተማ መልቀቅ ነው። መጽሐፉን ግን በሻማ ጨርሼዋለሁ፤ ልጁን በየገጹ እየተሳደብኩ።

«ዴርቶጋዳ» ሌላ ጉዳይ ነው። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ እየታተመ እየታተመ አልቆ፣ ለኪራይ እንኳ ወረፋ ይያዝለት ነበር። ከጣና ገዳማት ተነስቶ አሜሪካ የጠፈር ምርምር ድረስ ይወስዳል፤ ምሥጢር በምሥጢር ላይ ነው፤ ቆንጆ ሴት በገባች ቁጥር ለማን እንደምትሰልል ማሰብ ግድ ነው። አንብቤ በጨረስኩ ሰሞን ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ቡና ልትገዛ መጋዘን መጣች። ስለ ጀንፈል ዋጋ ስትጠይቀኝ እኔ በሆዴ «የላከሽ ማን ነው?» እያልኩ ነበር። የላኳት አጎቷ ናቸው፤ በደሌ ቡና ይቆላሉ። ደግሞ የመጽሐፉን ኢንጂነር ሻጊዝን ባነበብኩ ቁጥር የጠፈር ሳይንቲስቱ ቅጣው እጅጉ ይመጡብኛል፤ እሳቸው ቦንጋ የተወለዱ የጎረቤት ሰው ነበሩ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የወጣ ሰው ጠፈር ምርምር ደርሷል፤ የልብወለዱ መንኮራኩር ግን ለነዳጅ እንኳ እኛ ጋ አትቆምም።

የዓለማየሁ ዋሴን «እመጓ» ያነበበ ሁሉ ሻንጣ ማዘጋጀት ያምረዋል። እኔም አምሮኝ ነበር፤ ከመቱ መንዝ የአውቶቡሱን ሒሳብ ስደምር «ዝጎራ»ን ተከራይቼ ቁጭ አልኩ። በዚያው መንገድ ሌሎች የጻፏቸውን ግን አልወደድኳቸውም። ብራና፣ ቁልፍ፣ የተቆረጠ ካርታ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳ መነኩሴ፤ በቃ። ስማቸውን አልጠራም፤ ደራሲ ክፉ አንባቢ ገጥሞት ቀን ይጨልምበት ዘንድ አልሻም።

ትርጉሞቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ የሙያ ነው። አንዳንዱ የፍቅር መጽሐፍ ውስጥ ሴትየዋ በር ከፍታ እስክትገባ ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ጫማዋ፣ የጫማዋ ተረከዝ ይተረካል። ይህ ጀንፈል ነው፤ ሚዛን ላይ ከባድ፣ ሲፈለፈል ግማሹ ገለባ። ገለባውን እየዘለልኩ ፍሬውን አነባለሁ፤ ለዚህም ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለም።

አንድ ትርጉም ግን አንዲት መስመር አልዘለልኩበትም፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ነቢይ መኮንን ይህን መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ሰው ሲጋራ አጭሶ በጣለው ወረቀት ላይ ያን የሚያህል መጽሐፍ ሲጻፍ፣ እኔ ሙሉ ደብተር ይዤ የወር ሒሳብ ለመዝጋት ስንት ጊዜ እንደማዛጋ አስባለሁ። ማርጋሬት ሚቼል መጽሐፉን አሜሪካ ውስጥ ያሳተመችው በ1936 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ጎሬ መንግሥት ባስተናገደችበት በዚያው ዓመት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጦርነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አዴ ሌላ አገኙበት።

«አፈሩ ቀይ ነው አልከኝ?»

«ቀይ ነው አዴ። ጆርጂያ ይባላል አገሩ።»

«እንደ እኛ!» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጽሐፉን ባለታሪክ ስካርሌትን ዘመድ አደረጓት። እኔ የእህቷን እጮኛ የቀማችውን ሴት ላወግዝ ስነሳ አስቆሙኝ። «ለመሬቷ ግብር አይደለም እንዴ ያገባችው? ለዚህ ያላገባ ማን አለ?» አሉ። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ይህን ቢሰሙ መመረቂያ ጽሑፍ ይወጣቸዋል።

የመጨረሻው ገጽ እንደ ልማዱ የለም። አከራዩ «ባሏ ሬት ትንሽ አየር ሊቀበል ወጥቶ ማታውኑ ተመልሷል» ብሎኛል። ለአዴ ያንኑ ነገርኳቸው። «ወንድ መቼ ማታውኑ ይመለሳል! ዋሽተሃል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ተቃጥዬ ሌላ ቅጂ አፈላልጌ አየሁት፤ እውነት ነው፣ ሄዷል።

አዳም ረታንም ሞክሬያለሁ፤ እንዳይቀርብኝ። «የስንብት ቀለማት»ን ማንም ሳያየኝ መጋዘን ወስጄ ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ኪሎውን አልናገርም፤ ደራሲውን ማክበር ነው። እንጀራ ላይ ካለው ዐይን ተነስቶ «ሕጽናዊነት» የሚል የአጻጻፍ መንገድ ያወጣ ሰው ነው፤ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ሁለት ሁለት ጊዜ ያነበብኳቸው አንቀጾች ላይ ዕልባት አድርጌያለሁ፤ አንዴ ስላልገባኝ፣ አንዴ ስለጣመኝ። ለዝናብ አገር ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ሰኔ ላይ ተጀምሮ መስቀል ይደርሳል።

አሁን ወደ አገሬ ልጅ ልምጣ። በዓሉ ግርማ የተወለደው ሱጴ፣ እዚሁ ኢሉባቦር ነው። ይህን የምናገረው አንገቴን ቀና አድርጌ ነው፤ ሱጴና መቱ የአንድ ሰፈር ያህል ናቸው ብዬም እዋሻለሁ። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. ያወጣውን «ኦሮማይ» የያዘ ሰው አይተኛም። አስመራ አለ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አለ፣ ጸጋዬ ኃይለማርያም አለ፣ ከሁሉም በላይ ፊያሜታ ጊላይ አለች። ስለ ፊያሜታ አስተያየቴን አዴ ባሉበት አልሰጥም። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በ2025 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ ፈረንጅም እንቅልፍ ይጣ እንግዲህ። የመናኸሪያው ሰውዬ ይህን መጽሐፍ ሲያከራይ መጨረሻውን ከራሱ አይጨምርም። ስለ ደራሲው የጠየቁት ጊዜም ለሌላው ሁሉ የሚያወጣው መልካም መጨረሻ ጠፍቶት ጎንበስ ብሎ መጽሐፍ ሲደረድር አይቼዋለሁ።

ታዲያ ጀግናው ወደ እኛ የመጣው በዚሁ ሰው ብዕር ነው። በዓሉ በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል» ብሎ ያወጣውን እንደገና ሠርቶ በ1975 «ሀዲስ» ብሎታል። ሀዲስ ሳህሌ የሚባል ወጣት መምህር ሱጴ ሄዶ ትምህርት ቤት ለማቆም ሲታገል ነው ታሪኩ። እውነቱን ለመናገር በሻማ ከሆነ ከ«ኦሮማይ» አይወዳደርም፤ ለእኔ ሀዲስ ትንሽ ጨዋነት በዝቶበታል፤ ምክሩም አንዳንድ ቦታ የቀበሌ ስብሰባ ያስታውሰኛል። ግን አዴ በዚህ መጽሐፍ ላይ አንድም ነገር አልተቹም። ቡናው ፈልቶ እስኪገነፍል ሰሙና «ይህን አስተማሪ አውቀዋለሁ» አሉ። አያውቁትም፤ ሰውየው ልብወለድ ነው። እኔም አልተከራከርኩም።

እና ይኸው መጽሐፍ ነው የጠፋው። ሁሉም ሰው «ኦሮማይ»ን ይጠይቃል፤ «ሀዲስ»ን የሚጠይቅ ስለሌለ መናኸሪያው ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረች። አሁን ልጆቹ በቴሌግራም የተቀዳ አለ ይሉኛል። ደራሲም አሳታሚም ሳንቲም የማያገኝበትን ነገር ለአዴ በስልክ አላነብም፤ ስልኩም ቡና ላይ ይጮኻል። ዛሬ ለምትጽፉት ደራስያንም አንድ ቃል አለኝ፤ ሰላያችሁን፣ ብራና ፈላጊያችሁን፣ ፍቅር የያዘውን ተማሪያችሁን አንድ ሌሊት መቱ አሳድሩት። አልጋ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ምሥጢር ግን አይደበቅለትም።

«ሀዲስ»ን ከመናኸሪያው የተከራየኸው ሰው ግን ማንም ሁን ማን፣ ጎሬም ሂድ በደሌ፣ መጽሐፉን መልስ። መያዣህ ተቀምጦልሃል፤ ቅጣቱንም እኔ እከፍላለሁ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አትገንጥል።