እስከማውቀው ድረስ አይዋጋም

ልጅ ሳለሁ አጎቴ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ያስከትለኝ ነበር። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ጫንቃውን ይዳብሳል፣ ጎንበስ ብሎ ኮቴውን ይመረምራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ሻጩን ፊት ለፊት የሚጠይቀው፦ «አመል አለው?» ሻጭ የተባለ ሁሉ ይምላል። «ማርያምን! አይዋጋም፣ አይራገጥም፣ እርሻ መሀል አይተኛም።» አንድ ቅዳሜ ግን አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ... እኔ እስከማውቀው ድረስ አይዋጋም» አለ። አጎቴ ቆጥሮ የጨረሰውን ብር መልሶ ኪሱ ከተተ።

ምስኪን አጎቴ፣ የኩባንያ ሕግ አልተማረም። ተምሮ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ጥሎት በመሄድ ፋንታ አቅፎ ይስመው ነበር። ያ ገበሬ በባዶ እግሩ ቆሞ የተናገራት ሐረግ እኮ ዛሬ ማንሃተን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ምክር ብዙ መቶ ዶላር የሚያስከፍሉ ጠበቆች አምጠው የሚወልዷት ሐረግ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በሬውም የፈረንጅ ነው።) ኦክቶበር 2017 ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ ፊልም ሠሪው ሃርቪ ዋይንስቲን ሴቶችን ሲተነኩስ፣ የተናገሩበትንም በገንዘብ አፍ ሲያስይዝ ዓመታት እንደቆየ ጻፈ። ሴቶች ከየአቅጣጫው «እኔም» (በእንግሊዝኛው «ሚ ቱ») እያሉ ወጡ። አገሩ ሲናደድ፣ ሲያለቅስ፣ ሲሟገት፣ ኩባንያ በማሻሻጥ የሚተዳደሩት ጠበቆች ግን ከሁሉም ቀድመው የተጎዳው ማን እንደሆነ ገባቸው። ገዢው! ሰው በስንት ልፋት ኩባንያ ይገዛል፤ በሳምንቱ የሥራ አስፈፃሚው ስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ አክሲዮኑ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ግፍ አይደለም?

ስለዚህ ግብሩ ተከፍሏል፣ መሬቱ አልተበከለም፣ የምንከራከርበት ንብረት የለም ከሚሉት ማረጋገጫዎች ጎን አንድ አዲስ ማረጋገጫ የሽያጭ ውል ውስጥ ገባ። በሙያው ሰዎች አፍ «የዋይንስቲን አንቀጽ» ይባላል፤ ጨዋነት ሲያምራቸው ደግሞ «የሚቱ ማረጋገጫ» ይሉታል። ቃሉ ከውል ውል ቢለያይም አጥንቱ ይህ ነው፦ ሻጩ እስከሚያውቀው ድረስ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት፣ ከምክትል ፕሬዚዳንት ጀምሮ ወደ ላይ ባለ ኃላፊ ላይ የወሲባዊ ትንኮሳ አቤቱታ አልቀረበም፤ ኩባንያውም በዚህ ጉዳይ የዕርቅ ውል አልፈረመም።

እስቲ እንደ አጎቴ ከንፈሩን ገልጠን ጥርሱን እንየው።

«አቤቱታ አልቀረበም» ነው የሚለው። ማንም ማንንም አልነካም አይልም። እዚህ ላይ ጠበቆቹን አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ድርጊት ማጣራት አድካሚ ነው፤ ማን በሩን ዘጋው፣ ማን ምን አለ ማለት ይመጣል። አቤቱታ ግን ወረቀት ነው፤ ወይ ፋይሉ ውስጥ አለ ወይ የለም። እንግዲህ ሠራተኛው ከፍርሃት ብዛት ትንፍሽ የማይልበት መሥሪያ ቤት በዚህ ሚዛን ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። አቤቱታ እየተቀበለ፣ እየመረመረ፣ በመዝገብ የሚያኖር የዋህ ድርጅት ነው ገበያ ላይ የሚያፍረው።

«ከምክትል ፕሬዚዳንት ጀምሮ» ይላል። የመጋዘኑ የፈረቃ ኃላፊ፣ የምግብ ቤቱ የማዕድ ቤት አለቃ፣ የጽዳት ተቆጣጣሪው እጁ የትም ቢደርስ ውሉን አይመለከተውም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የኖረ ሰው፣ ማታ ቢሮ ከሚያጸዱት፣ ጠዋት የሆቴል አልጋ ከሚያነጥፉት መካከል የአገራችን ልጆች እንዳሉ ያውቃል። የእነሱ አለቃ ምክትል ፕሬዚዳንት አይደለም። እነሱ ላይ ያረፈ እጅ የኩባንያ ዋጋ ስለማያወርድ እጅ አይባልም።

«ባለፉት አምስት ዓመታት»፤ አንዳንዱማ ሦስት ይበቃል ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከኖኅ ዘመን ጋር ተደምሯል።

የአንቀጹ ዘውድ ግን «እስከሚያውቀው ድረስ» ናት። እኔና እናንተ ማወቅ ማለት ማወቅ ይመስለናል። ውል ውስጥ ግን «ዕውቀት» ራሱን የቻለ ትርጓሜ አለው፤ የዐዋቂዎቹም ስም ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሰዎች ናቸው፦ ዋና ሥራ አስፈፃሚው፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የኩባንያው ጠበቃ። ኩባንያው ዐወቀ የሚባለው እነዚህ ያወቁትን ነው። ጸሐፊዋ ከአለቃዋ ጋር አንድ ሊፍት ውስጥ ላለመግባት ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ መውጣት ከጀመረች ዓመት ሆኗታል እንበል። ጥበቃው ያውቃል። ቡና የምታፈላው ታውቃለች። መኪና ማቆሚያው ላይ ያለው ልጅ እንኳ ጫማዋን ይዛ ስትወርድ አይቶ ያውቃል። ኩባንያው ግን አያውቅም፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሉማ! ጠንከር ያለ ውል ሲሆን ዐዋቂዎቹ «ተገቢውን ማጣራት» እንዲያደርጉ ያዛል። ያን ጊዜ ሥራ አስፈፃሚው በሩን ዘግቶ መስታወት ፊት ይቆምና፣ «ጌታዬ፣ በእርስዎ ላይ የሚያውቁት ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱንም በትሕትና ይቀበላል።

ምናልባት አንድ ነገር ቢኖርስ? ለዚያም መላ አለው። ከውሉ ጀርባ አባሪ ይያያዛል፤ ከማረጋገጫዎቹ ጋር የማይገጥመው ሁሉ እዚያ ይዘረዘራል። ሴትዮዋም ስሟ ሳይነሣ፣ ካልተከፈለ ኪራይና ከተሰበረ ማሽን ክርክር ጋር ተራ ቁጥር ተሰጥቷት ልትሰፍር ትችላለች። እዚያ ከሰፈረች ወዲያ ሻጩ አልዋሸም፣ ገዢው አልተታለለም፤ የቀረው ዋጋ መደራደር ነው። ተደብቃ ብትገኝ ደግሞ ካሳ የሚገባው ማን ነው? ገዢው ነዋ፤ የተወጋው እሱ አይደል! እሷ የውሉ ወገን አይደለችም። ከፈለገች በሌላ በር ዞራ ትክሰስ።

ስሙን ለአንቀጹ ያወረሰው ሰውዬ የራሱ የሥራ ውል ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ በ2018 በኩባንያው ላይ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ በ2015 የተፈረመው ውል ታሪፍ ነበረው። ሰውየው በዚህ ዓይነት ጥፋት ኩባንያውን ለወጪ ከዳረገ ወጪውን ይተካል፤ በዚያ ላይ ለመጀመሪያው 250 ሺህ ዶላር፣ ለሁለተኛው 500 ሺህ፣ ለሦስተኛው 750 ሺህ፣ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ይከፍላል። አራተኛዋን ያሰበ ጠበቃ ነበር ማለት ነው። ቁጭ ብሎ፣ ብዕሩን እያኘከ፣ «አምስተኛዋስ?» ብሎ የጠየቀ። ከጎኑም፣ «ከዚያ በኋላ አይጨመርበት፤ ደንበኛ ነው» ያለ።

በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ጉማ ይከፍላል። ጉማ የሚከፈለው ግን ለሟች ወገን ነው። የዚህ ታሪፍ ተከፋይ ግን ኩባንያው ነው። በሬው ይወጋል፣ መቀጮውን ለበረቱ ያስገባል። (ክሱን ያቀረበው ዐቃቤ ሕግም ሦስት ወር ሳይሞላው፣ አራት ሴቶች እጁን አንሥቶብናል ብለው ለኒው ዮርከር መጽሔት ተናገሩበትና ሥልጣኑን ለቀቀ። እሱ ማንንም አላጠቃሁም ብሏል፤ ክስም አልተመሠረተበትም። ይህን የጻፍኩት እንዲያው ጨዋታ ሲነሣ ነው።)

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ፈረንጆቹ ሳያውቁት ገንዘብ አድርገውታል። በ1998 ለንደን ውስጥ የዋይንስቲን ረዳት የነበረችው ዜልዳ ፐርኪንስና አንዲት ባልደረባዋ እያንዳንዳቸው 125 ሺህ ፓውንድ ተቀብለው ዝምታ ፈረሙ። ፐርኪንስ በኋላ ለእንግሊዝ ፓርላማ እንደተናገረችው፣ የፈረመችው ውል ሙሉ ቅጂ አልተሰጣትም። ስለ ደረሰባት ነገር ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንኳ ሐኪሙ አስቀድሞ ምስጢር ልጠብቅ ብሎ መፈረም ነበረበት። እስቲ አስቡት፤ ምን እንዳትናገር እንደተከለከለች በእጇ ይዛ ማንበብ የማትችል ሴት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ውሉን አፍርሳ ተናገረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሷ ወረቀት ይይዛል እንጂ አይያዝም።

አሜሪካ ግን ሕግ አውጥታ ነገሩን አስተካክላዋለች። እስከ 2017 መጨረሻ አንድ ኩባንያ ለዝምታ የከፈለውን እንደ ወረቀትና ቀለም የሥራ ወጪ አድርጎ ግብር ሲሰላ ሊያስቀንስ ይችል ነበር። አሁን የምስጢር ግዴታ ካለበት አይቀነስለትም። ዲሴምበር 2022 ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፤ ጠቡ ከመነሣቱ በፊት የተፈረመ የዝምታ ውል በፍርድ ቤት አይጸናም አለ። ከተጣሉ በኋላ የሚፈረመውን ግን አልነካውም። ሳትበደል የፈረመችው ዝምታ ፈረሰ፣ ተበድላ የምትሸጠው ጸና። ፍትሕ ማለት ጊዜን ማወቅ ነው።

በአለቆች የሥራ ውል ውስጥ ያለችው «ምክንያት» የምትለዋም ቃል አትታለፍ። በእኛ አገር ያለ በቂ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ እያለቀሰ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። ከላይ ለተቀመጠ አሜሪካዊ ግን «ያለ ምክንያት ተሰናበተ» ማለት ምርቃት ነው፤ አክሲዮኑና የስንብት ክፍያው አይነካበትም። ማክዶናልድ በ2019 ሥራ አስፈፃሚውን ከሠራተኛ ጋር በፈጠረው ግንኙነት ሲያሰናብተው እንዲህ ነበር ያሰናበተው። ሌሎች ሦስት ሴቶች ነበሩ፣ ዋሽቶናል ብሎ ከከሰሰው በኋላ በ2021 ሰውየው ከ105 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ጥሬ ገንዘብና አክሲዮን መለሰ። ምክንያቱ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ፈጀ።

የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ለይቶ ሲተረጉም የሚያየው ድርጊቱን ነው፤ የምክትል ፕሬዚዳንት ደረጃ አይጠይቅም። ግን አንኩራራ። የእኛ «እስከምናውቀው ድረስ» ወረቀት ላይ አይጻፍም እንጂ አለ፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ «የልጅቷም ስም እንዳይነሣ ብለን ነው» ተብሎ በቃል ይነገራል።

እኔ አንድ የዋህ ሐሳብ አለኝ። አንቀጹ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለገዢ ብቻ ለምን? ሰኞ ሥራ የምትጀምረው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅም አንድ ቅጂ ይድረሳት። ምስጢር መጠበቂያውን፣ የኮምፒውተር አጠቃቀም ደንቡን፣ የመታወቂያ ካርድ መረከቢያውን ሲያስፈርሟት ብዕሩን ታስቀምጥና፣ «አለቃዬ አመል አለው?» ትበል። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለች፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች ምን እንደምትላት ይታየኛል።

ያን ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ፣ ሰውየው እኮ እንደሌሎቹ አልማለም እንጂ አልዋሸም አልኩት አጎቴን።

«ሰውየውን ማን ሰማው» አለኝ። «በሬውን የነዳውን ልጅ አላየኸውም? እኩያህ ነው። እረኛ ሁሉ ከበሬው ጎን ቆሞ፣ እሱ ብቻ ግንዱን ተከልሎ ነበር።»