ከገርጂ የመጡት እንግዳ

አገር ለማየት አገር መልቀቅ ድሮ ቀረ። የፓስፖርት ወረፋ የለ፣ የቪዛ ቀጠሮ የለ፣ ሻንጣ አስመዝኖ "ሦስት ኪሎ ይቀነስ" መባል የለ። ከገርጂ ተነስቶ ቦሌ ማደር ነው። መንገዱ ከቀና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከተዘጋጋ ደግሞ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ከመግባት ይረዝማል፣ ያኔማ ጉዞው የምር ጉዞ ይሆናል።

"ስቴኬሽን" ይሉታል የገባቸው። የራስን ቤት ቆልፎ፣ ቁልፉን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ በራስ ከተማ ሆቴል ማደር፣ በማግስቱም የተወለዱበትን ከተማ እንደ ባዕድ እየዞሩ "ዋው" ማለት ነው። ድሮ ዕቁብ የወጣለት ሰው ፍሪጅ ይገዛ ነበር፤ አሁን ሌሊት ይገዛል። ፍሪጁ ሃያ ዓመት ያገለግል ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን ነጭ ጋዋን አለው። ጋዋኑን ለብሶ መስታወት ፊት ፎቶ ያልተነሣ ሰው ደግሞ እንዳላደረ ይቆጠራል፤ ገንዘቡም እንደ ባከነ።

"ቤታችሁ አልጋ የለም ወይ?" የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። የከተማዋን ታሪክ ቢያውቁ አፋቸውን ይይዙ ነበር። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እኮ እንዲህ ነው። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ብርድ ቢያንገሸግሻቸው ወደ ፍል ውኃ ወረዱ፤ ሙቅ ውኃው ተስማማቸው፣ ቤት አሠሩ፣ ከተማውም በ1879 ዓ.ም. ተከትሏቸው ወረደ። መዲናችን ለመታጠብ ወርዶ በመቅረት የተገኘች ናት። እቴጌይቱን ከዛሬው ጎብኚ የሚለያቸው ነገር ቢኖር "ክፍሉን እስከ 6 ሰዓት ይልቀቁ" የሚላቸው አለመኖሩ ነው።

ሆቴል የሚባለውንም ነገር ያመጡልን እሳቸው ናቸው። ፒያሳ ያለው ሆቴላቸው የአገራችን የመጀመሪያው ሲሆን፣ በተከፈተ ሰሞን ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርጎት ነበር ይባላል። እንደሚተረከው ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተውና ከፍለው አሳዩ። ጃንሆይ ተነሥተው የዛሬውን ቢያዩ ትምህርታቸው ምን ያህል እንደ ሠመረ ያውቁ ነበር፤ በከፈልንበት ማፈራችን ቀርቶ ከፍለን የበላነውን ሳናሳይ መቅረት ሆኗል ነውሩ። እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ክሩዋሳኑ ይደርቃል፣ ማኪያቶው አረፋው ይሞታል፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል በትክክል እስኪገባ ግን ማንም አይጎርስም።

እስቲ መግቢያው ላይ ትንሽ እንቁም፤ ዋናው ተውኔት እዚያ ነው። እንግዳው ከ"ራይድ" ወርደዋል፣ ቦርሳቸው በፍተሻው ማሽን አልፏል። (ውስጡ አንድ የሌሊት ልብስ፣ ሁለት ቻርጀርና አራት የፎቶ ልብስ አለ።) ቅጽ ይሰጣቸዋል። የመጡበት ከተማ? አዲስ አበባ። የሚሄዱበት ከተማ? አዲስ አበባ። የመጡበት ምክንያት? እዚህ ላይ እስክሪብቶው ይቆማል።

"ጉብኝት ልበለው?" ትላለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ ብዙ አይታለችና።

"በይው።"

"ጉዞ እንዴት ነበር?"

"ኢምፔሪያል ጋ ትንሽ ተዘጋግቶ ነበር እንጂ ጥሩ ነው።"

ከቀኑ 8 ሰዓት መግቢያ፣ በማግስቱ 6 ሰዓት መውጫ። የአንድ ቀን ተከፍሎ 22 ሰዓት ነው የሚሰጠው፤ እሱም ቢሆን አሳንሰሩ ውስጥ የሚነሡት ፎቶ ተቀንሶለት።

ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፈተው መጋረጃው እንዳይመስላችሁ። ቧንቧው ነው። የሠፈራችንን የውኃ ፈረቃ በልቡ የያዘ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ወዲያው ሲፈስ ሲያይ የሚሰማውን ደስታ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሁሉ ሊገልጸው አይችልም። ደግሞ ሙቅ! "እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ" ሲባል ሰምተን ያሳለፍነው ነገር ዛሬ ገና ተፈታልን፤ ውኃ የሚፈሰው እንግዳ በደረሰበት ነው፣ ነዋሪው ሮቶውን በጣቱ እያንኳኳ ስንት እንደ ቀረው ያዳምጣል። ጀሪካን ይዞ መግባት ነውር ሆኖ እንጂ፣ ስንቱ የ"ስቴኬሽን" አርበኛ በልቡ የያዘው ዕቅድ ሌላ ነበር። ሚስት ትታጠባለች፣ ባል ይታጠባል፣ ልጆቹ ሁለት ሁለቴ ይታጠባሉ፤ ማታ ደግሞ "ሪላክስ እያደረግን ነው" የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ልብሱን ገንዳ ውስጥ ማጠብ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ያልለጠፈ ሆቴል ባለቤቱ የዋህ ነው።

ከዚያ ስቲም አለ። በእንፋሎት በተሞላች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎጣ አገልድሞ ተቀምጦ የባሕር ዛፍ ሽታ መማግ። ይህንኑ ባሕር ዛፍ እናቶቻችን ጉንፋን ሲይዘን ድስት ውስጥ አፍልተው፣ ነጠላ አከናንበው በነጻ ሲያጥኑን "አፈንሽኝ" ብለን ስናለቅስ ነበር። ቅጠሉን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም ለእንጀራ ማገዶ ብለው በሳንቲም ሲሸጡልን ተከራክረናቸዋል። አሁን ግን ሽታው ምናሌ ላይ ስም ስላወጣ፣ ዓይናችንን ጨፍነን በጥሞና እንተነፍሰዋለን።

መዋኛም አለ። የሂልተኑ ለምሳሌ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ አምሳል በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፣ ውኃውም ከዚያው ከፍል ውኃ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይገኛል? ላሊበላን ረግጦ የማያውቅ ሰው በመስቀሉ መሀል በጀርባው ተንሳፎ ታሪክ ይጎበኛል። እዚያው ቁልቁል ሲወርዱ በዚያው ምንጭ ወረፋ ይዞ፣ ቁጥር ተቀብሎ፣ ወገቡን አሽቶ ታጥቦ የሚወጣው ጡረተኛ ግን ጎብኚ አይባልም። እሱ ቆሻሻውን ያስለቀቀ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ሒሳቡ ብዙ አልልም፤ ሰው ተደስቶ ሳለ ሒሳብ ማንሣት ጨዋነት አይደለም። ምናሌው ላይ 1,000 ብር ተብሎ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ የመደመር ምልክቶች የተደረጉበት ምግብ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታክሎበት 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። ሎቢው ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ የምትቀዳው ቡናም እንዲሁ ይደመርበታል። የዚያኑ ቀን ቁልፉን አደራ የተቀበሉት ጎረቤት "ኑ ቡና ጠጡ" ብለው ልከው ነበር። "እትዬ፣ ዛሬ ከከተማ ወጥተናል" ተባሉ።

በማግስቱ የአሰሳ ቀን ነው። አሳሹ ካሜራውን ወድሮ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ አንድ መቶ ሜትር ያህል ዘልቆ፣ አንዲት ሽሮ ቤት ይደርስና "ማንም የማያውቀው ቤት አገኘሁላችሁ!" ብሎ ለዓለም ያበሥራል። ማንም የተባሉት ሠላሳ ሰዎች ከኋላው አንገታቸውን ደፍተው ሽሯቸውን ይበላሉ። አንዳንዱ እዚያ ቤት መብላት ሲጀምር አሳሹ አልተወለደም ነበር። ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ድረስ መጥቶ የአባይን ምንጭ "ያገኘው" በዚህ መንገድ ነው፤ የግሽ ሰዎች ከብታቸውን እያጠጡ ቆመው ሲያገኝ አዩት። ብሩስ ግን ቢያንስ ምንጩን ዋጋ አላስጨመረበትም። የእኛው አሳሽ በሄደ በሳምንቱ ሽሮው "ስፔሻል" ይባልና ጣባው በሸክላ ሳህን ይለወጣል፣ ግድግዳው ላይ የላስቲክ አበባ ይለጠፋል፣ ወያላውና የቀን ሠራተኛው ሌላ ማንም የማያውቀው ቤት ፍለጋ ይሰደዳሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስሰው ሰው ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አይቶ እንደሆነ ጠይቁት። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍል አለ፣ መታጠቢያ ክፍላቸው አለ፣ የጥይት ቀዳዳ ያለበት መስታወት አለ። ጋዋን ለብሶ መስታወት ፊት ለመቆም ለሚወድ ትውልድ ከዚህ የበለጠ መስታወት ከየት ይመጣል? "እሱማ የትም አይሄድም፣ አንድ ቀን አየዋለሁ" ይላል። ድንቅነሽንም እንዲሁ ብለናት ነበር። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየች አሮጊት የት ትሄዳለች ብለን በአምስት ኪሎ በኩል በታክሲ ስናልፍ፣ በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ሄደች፤ ተዟዙራ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከእኛ ይልቅ የሂውስተን ሰው ወረፋ ይዞ አያት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ለትግል ሥልጠና መጥቶ ኮልፌ መሰንበቱንም የኮልፌ ልጅ የሚሰማው ከአስጎብኚ አፍ ነው፣ እሱም ከዲሲ የመጣች የአክስቱን ልጅ ሊያዞር የወጣ ዕለት። ከተማዋን ጠንቅቃ የምታውቀው እሷ ናት፤ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዛ ስለምትመጣ የምታየውን ጽፋ ነው የምትመጣው። እኛ ዕድሜ ልካችንን ስለተሰጠን አንቸኩልም።

የሚሄድ ግን አለ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ፈረሰ። በዚያ ሳምንት የተለጠፈውን እንባ ያየ ሰው፣ የከተማው ሕዝብ ግማሹ እዚያ ቁርጥ እየበላ ያደገ ይመስለው ነበር። ፎቶ ለመለጠፍ ሲፈልጉ ግን የራሳቸው ስላልነበራቸው አንዱ የሌላውን ወሰደ፤ አንድ በር በሺህ ሰው ትዝታ ውስጥ ተገኘ።

ሐቁን ለመናገር፣ የሰፋው የእግረኛ መንገድ አንድ ሌላ ዓይነት ጎብኚ አውጥቷል። ማታ ማታ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ሚስቱን ይዞ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየቆረጠመ መብራቱን እያየ በእግሩ የሚዞር ሰው ሞልቷል። ክፍል ስላልያዘ፣ ቅጽ ስላልሞላ፣ ስሙ የለውም። እንዲያውም አሳሻችን ፎቶ ሲያነሣ "እስቲ አንዴ ከኋላዬ ዞር በሉልኝ" የሚላቸው እነሱን ነው።

እኔ በበኩሌ ለከተማው አስተዳደር አንድ ሐሳብ አለኝ። የነዋሪነት መታወቂያ የሚባለውን ነገር ያስቀርልንና ሁላችንንም በእንግድነት ይመዝግበን። ነዋሪነት አላዋጣንም። ነዋሪ ወረዳ ሲሄድ "ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ" ይባላል፤ እንግዳ "ምን ልታዘዝ?" ይባላል። ነዋሪ ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ቢያርፍ "እዚህ መቀመጥ አይቻልም" የሚለው ጥበቃ፣ ለእንግዳ በር ከፍቶ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ነዋሪ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ካፌ ገብቶ ሳይፈልግ ሻይ ያዛል፤ የእንግዳው መጸዳጃ ሙዚቃ አለው። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፣ ከተማዋም ያቺው ናት፤ ልዩነቱ የአንድ ሌሊት ኪራይ ነው። እንግዲህ ሰው ኪራዩን ከፍሎ የሚሸምተው ውኃና "እንኳን ደህና መጡ" መባልን ከሆነ፣ የሚታማው ገዢው ነው ወይስ ይህን በችርቻሮ እንዲሸጥ የፈቀደው?

ሐሳቤ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። አምስት ኪሎ ያለው የብሔራዊ ሙዚየም መግቢያ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው። በዚህ ከተማ እንግዳ ከመሆን ይልቅ ባለቤት መሆን የሚያዋጣበት በር እምብዛም አይገኝምና፣ ድንቅነሽ ሌላ ቪዛ ሳይመታላት ሂዱና እዩአት።